ሰውነት አንድ፣ ተቆጣጣሪው ብዙ፦ የኬሚካሎችን ጥምር ተጋላጭነት በጥንቃቄና በአቅም ልክ ስለ መቆጣጠር

ከዚራ የድሬዳዋ ከተማ ቀደምት ሰፈር ነው። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሲደርስ፣ በጣቢያው ዙሪያ በቀጥተኛ ጎዳናዎች ተቀይሶ የተቆረቆረ ሲሆን፣ ከመጋላ የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው። እንግዳ ከከዚራ ይዞት የሚሄደው ትዝታ አብዛኛውን ጊዜ የዛፎቹ ጥላና የጎዳናዎቹ ሥርዓት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከጎዳናው ይልቅ ወደ ቤቶቹ ውስጥ ይገባል።

በከዚራ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በዓይነ ኅሊናችን እንሳል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በበርሜልና በሮቶ ይጠራቀማል። የወባ ትንኝ እጭ እንዳይራባ በተጠራቀመው ውሃ ውስጥ ፀረ እጭ ኬሚካል ሊጨመር ይችላል። የቤቱ ግድግዳ የወባ መከላከያ ርጭት ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል። አልጋው ላይ በኬሚካል የተነከረ አጎበር ተዘርግቷል። ማታ ማታ ደግሞ ትንኝ ስታስቸግር ፍሊት ይነፋል። ከቀፊራ ገበያ የተገዛው ቲማቲምና ጎመን በማሳው ላይ ፀረ ተባይ ተረጭቶበታል። በዕለቱ የሚጠጣው ውሃም ከከርሰ ምድር የወጣ በመሆኑ የራሱን ማዕድናትና የራሱን ብክለት ይዞ ይመጣል።

ከእነዚህ ነገሮች እያንዳንዱ በየፊናው የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አለው። የማሳውን ፀረ ተባይ የግብርናው ዘርፍ፣ የግድግዳውን ርጭትና አጎበሩን የጤናው ዘርፍ፣ ውሃውን የውሃው ዘርፍ ይከታተሉታል። እያንዳንዱም በራሱ ገደብ ሲመዘን «ችግር የለውም» ሊባል ይችላል። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ቀን የሚገቡት ወደ አንድ ሰው አካል ነው። ድምሩን የሚያየው ማን ነው? የኬሚካሎች ጥምር ተጋላጭነት የሚባለው ጉዳይ በመሠረቱ ይህ ጥያቄ ነው።

ኬሚካሎች ሲገናኙ ምን ይሆናል?

ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ኬሚካሎች በአንድ አካል ውስጥ ሲገናኙ በዋናነት ሦስት ነገሮች ሊከሠቱ ይችላሉ።

አንደኛው መደመር ነው። ኬሚካሎቹ የሚጎዱት አንድን የአካል ክፍል በአንድ ዓይነት መንገድ ሲሆን፣ የአንዱ ጥቂት ከሌላው ጥቂት ጋር ተደምሮ ብዙ ይሆናል። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ ተባዮች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። እነዚህ ኬሚካሎች በነርቮች መካከል መልእክት ከተላለፈ በኋላ መልእክቱን የሚያቋርጠውን ኢንዛይም ያግዳሉ። ማላታይን፣ ዳያዚኖንና ፕሮፌኖፎስ በእርሻ ላይ የሚውሉ የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በሀገራችን ለቤት ውስጥ ርጭት ከዋሉት ኬሚካሎች አንዱ የሆነው ፒሪሚፎስ ሜቲልም ኦርጋኖፎስፌት ነው። በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ የትንኝ እጭን ለመግደል የሚጨመረው ቴሜፎስም እንዲሁ ነው። ሦስቱ የሚመጡት በተለያየ መንገድ ቢሆንም የሚነኩት ኢንዛይም አንድ ነው።

ሁለተኛው መባባስ ነው። በዚህ ጊዜ ውጤቱ ከድምሩ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ሲጋራ ሳያጨሱ ከአስቤስቶስ ጋር የሠሩ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ሁለቱም ካልነኳቸው ሰዎች 5 እጥፍ ገደማ ነበር። አስቤስቶስ ሳይነካቸው ያጨሱት ከ10 እጥፍ በላይ ሲሆን፣ ሁለቱም የተደራረቡባቸው ግን ከ50 እጥፍ በላይ ነበሩ። በየቤታችን ያለው ፍሊትም ይህን መንገድ ሆን ብሎ ይጠቀምበታል። በብዙ የፍሊት ዓይነቶች ውስጥ ፒፐሮኒል ቡቶክሳይድ የሚባል ኬሚካል ይጨመራል። ይህ ኬሚካል ነፍሳትን በራሱ እምብዛም አይገድልም፤ ትንኟ መርዙን ለማክሸፍ የምትጠቀምበትን ኢንዛይም በማገድ የሌላውን መርዝ ኃይል ያበረታል። ትንኞች መድኃኒቱን በለመዱበት አካባቢ የሚታደሉ አንዳንድ አጎበሮችም በዚሁ ዘዴ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ መባባስ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም፤ ማን ላይ እንደሚሠራ አውቆ መያዝ ግን ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ያለ መገናኘት ነው። ኬሚካሎቹ በተለያየ መንገድ በተለያየ የአካል ክፍል ላይ ስለሚሠሩ አንዱ የሌላውን ጉዳት አይጨምርም። አልፎ አልፎም አንዱ ሌላውን የሚያዳክምበት ሁኔታ አለ።

ከእነዚህ ውጭ፣ ወደ አካል ሳይገቡ በውጭ ተገናኝተው አዲስ መርዝ የሚፈጥሩም አሉ። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ጠባብ በሆነ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ በደቂቃዎች ሳንባን የሚጎዳ አደጋ ነው። ሁለቱም በየራሳቸው በሱቅ የሚሸጡ፣ በየራሳቸው የአጠቃቀም መመሪያ ያላቸው ዕቃዎች ናቸው።

ሁሉን መፈተሽ ለምን አይቻልም?

«እንግዲያው ኬሚካሎቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው ተቀላቅለው ይፈተሹ» የሚል ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። ቁጥሩ ግን ይህን አይፈቅድም። 10 ኬሚካሎች ብቻ ቢኖሩ ሁለት ሁለቱን ለማጣመር 45 ዓይነት ጥንዶች ይወጣሉ። ከሁለት እስከ አሥሩ ድረስ ያሉትን ጥምረቶች ሁሉ ብንቆጥር 1,013 ይሆናሉ። ኬሚካሎቹ 20 ቢሆኑ ጥምረቶቹ ከ1 ሚሊዮን ያልፋሉ። ይህም የየኬሚካሉን መጠን ሳንለዋውጥ ነው። በገበያ ላይ ያሉት ኬሚካሎች ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ሀብታም የሚባሉት ሀገሮች ቤተ ሙከራዎችም ቢሆኑ ይህን ሊጨርሱት አይችሉም።

በአንጻሩ ጉዳዩን እንዳላዩ ማለፍም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ ሀገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች እንደ ሴት ሆርሞን የሚሠሩ 8 ደካማ ኬሚካሎችን በቤተ ሙከራ ቀላቀሉ። እያንዳንዱ የተጨመረው ብቻውን ምንም ውጤት በማያሳይበት መጠን ነበር። ድብልቁ ግን ግልጽ ውጤት አሳየ። ስምንት «ምንም» ሲደመሩ አንድ «የሆነ ነገር» ሆኑ ማለት ነው። በመሆኑም «እያንዳንዱ ከገደብ በታች ነው» የሚለው መልስ የሚያጽናና ቢመስልም የተሟላ መልስ አይደለም።

ሁሉን መፈተሽ የማይቻል፣ ምንም አለማድረግም የማይገባ ከሆነ፣ በመካከል ያለው መንገድ ምንድን ነው? ድሬዳዋ መልሱን ከራሷ ውሃ ልታገኘው ትችላለች።

የድሬዳዋ ውሃ የሚያስተምረው ስሌት

ድሬዳዋ ለመጠጥ በዋናነት የምትጠቀመው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የከተማዪቱ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ጠጣር መሆኑን በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ለነዋሪው ሁሉ ይመሰክራል። ከዚህ የከፋው ግን ዓይን የማያየው ናይትሬት ነው። በከተማው ክልል ባሉ ጉድጓዶች ላይ ባለፉት ዐሠርት ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች፣ በአንዳንዶቹ ላይ ናይትሬት ከሚፈቀደው መጠን በላይ መገኘቱን ደጋግመው አሳይተዋል። ዋናው ምንጭም ከመጸዳጃ ጉድጓዶችና ከሴፕቲክ ታንኮች ወደ መሬት የሚሰርገው ፍሳሽ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ ለናይትሬት 50 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ለናይትራይት 3 ሚሊ ግራም በሊትር ገደብ አስቀምጧል። ነገር ግን በዚህ አላበቃም። ናይትሬት በሕፃን ሆድ ውስጥ ወደ ናይትራይት ይለወጣል፤ ናይትራይት ደግሞ የደምን ኦክስጅን የመሸከም ችሎታ ይቀንሳል። የሁለቱ መንገድ አንድ ስለሆነ መመሪያው ሦስተኛ ሕግ ጨመረ፦ የተገኘው ናይትሬት ለገደቡ ተካፍሎ፣ የተገኘው ናይትራይትም ለገደቡ ተካፍሎ፣ ሁለቱ ውጤቶች ሲደመሩ ከ1 መብለጥ የለባቸውም።

ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ 40 ሚሊ ግራም ናይትሬትና 1.2 ሚሊ ግራም ናይትራይት ተገኘ እንበል። 40 ለ50 ሲካፈል 0.8 ነው፤ 1.2 ለ3 ሲካፈል 0.4 ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ፈተናውን ያልፋል። ሲደመሩ ግን 1.2 ይሆናሉ፤ ውሃው ወደቀ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ አዲስ ቤተ ሙከራ አላስፈለገም። ቀድሞ የተለኩት ሁለት ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው መደመር ብቻ በቂ ነበር።

የጥምር ተጋላጭነት ቁጥጥር በአብዛኛው ይህን ስሌት የሚያሰፋ ነው። በመጀመሪያ በአንድ መንገድ የሚጎዱት ኬሚካሎች በአንድ ጎራ ይመደባሉ፤ ከዚያም የእያንዳንዱ መጠን ለገደቡ እየተካፈለ ይደመራል። ድምሩ ከ1 በታች ከሆነ ባለሙያው ወደ ሌላ ሥራ ያልፋል፤ ከ1 በላይ ከሆነ ደግሞ ለድምሩ ብዙ ያዋጣው የትኛው እንደሆነ ተለይቶ እርምጃው ከዚያ ይጀምራል።

ሌሎች ሀገሮች የሄዱበት መንገድ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ፣ በአንድ መንገድ የሚጎዱ ፀረ ተባዮች በአንድነት እንዲመዘኑ አስገደደች። የኦርጋኖፎስፌቶቹ ጥምር ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጠናቀቅ፣ በሂደቱ ውስጥ ብዙ አጠቃቀሞች ቀርተው ነበር። ዳያዚኖንን በመኖሪያ ቤት መጠቀም እ.ኤ.አ. በ2004 እንዲያበቃ የተደረገው በዚህ ዘመን ነው። ጎራው በሙሉ ግን አልታገደም፤ ለድምሩ ብዙ የሚያዋጡት አጠቃቀሞች እየተለዩ ተቀነሱ።

በአውሮፓ ኅብረት የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣኑ እ.ኤ.አ. በ2020 በምግብ ላይ የሚቀሩ ፀረ ተባዮችን በሁለት ጎራ መዝኖ ነበር፦ በነርቭ ሥርዓት ላይ የሚሠሩትንና በታይሮይድ ዕጢ ላይ የሚሠሩትን። የደረሰበት መደምደሚያም የሁለቱም ጎራ ጥምር ተጋላጭነት፣ እርግጠኛነቱ ከቡድን ቡድን ቢለያይም፣ የቁጥጥር እርምጃ ከሚያስፈልግበት ደረጃ በታች ነው የሚል ነበር። ይህ ውጤት አንድ ነገር ያስተምራል። መደመር ማለት ማገድ ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ድምሩ ራሱ ሥጋትን ያቃልላል።

በዚያው ዓመት ኅብረቱ ሌላ ሐሳብ አነሣ። ለብዙ ኬሚካሎች ዝርዝር መረጃ ስለሌለ፣ የእያንዳንዱን ኬሚካል የተፈቀደ መጠን ለአንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ ለ5 ወይም ለ10፣ በማካፈል ለድብልቅ የሚሆን መጠባበቂያ ቦታ መተው ይሻላል የሚል ነው። ደጋፊዎቹ ይህ ቀላልና ፈጣን ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ለጥቂቶች ጥፋት ብዙዎችን መቅጣት ነው፤ ገደቦቹ ሲወጡም ብዙውን ጊዜ 100 እጥፍ የሚደርስ የጥንቃቄ ልክ ተጨምሮባቸዋል ይላሉ። ደጋፊዎቹም ያ የጥንቃቄ ልክ የተጨመረው በእንስሳትና በሰው፣ በሰውና በሰው መካከል ላለው ልዩነት እንጂ ለድብልቅ አልነበረም ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ።

ከልክ ያለፈ ጥንቃቄም ዋጋ አለው

ይህን ክርክር ወደ ድሬዳዋ አምጥተን እንመልከተው። የናይትሬት ገደብ ለ5 ተካፍሎ 10 ሚሊ ግራም በሊትር ይሁን ቢባል ምን ይሆናል? ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ዛሬ የሚያገለግሉ ጉድጓዶች ሊዘጉ ይችላሉ። የተዘጋበት ሰው ግን መጠማቱን አይተውም፤ ጥራቱ ካልታወቀ ምንጭ በጀሪካን ይገዛል። በወረቀት ላይ የጠበቀው ሕግ በተግባር ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ደግሞ በናይትሬት የመጎዳት ዕድሉ ይበልጥ ይጨምራል።

ወባም ሌላው ማሳያ ነው። አኖፈለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ነበር። ይህች ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትፈልግም፤ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በታንከር በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተነሣውን የወባ ወረርሽኝ ከእርሷ ጋር ያያያዙት ጥናቶች ናቸው። በዚህ ሁኔታ «የኦርጋኖፎስፌት ድምር ይጠና፤ እስከዚያው ርጭቱና ፀረ እጩ ይቁም» ማለት ወባን መጋበዝ ይሆናል። ወባ የሚገድለው በዚህ ክረምት ነው፤ የድብልቁ ጉዳት ግን ምናልባት ከዓመታት በኋላ የሚታይ ሥጋት ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን ከእርሻ አስወጥቶ፣ በቂ አማራጭ በማይገኝበት ቦታ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመቆጣጠር ብቻ ቀዳዳ የተወው ይህን የመሰለ ሚዛን አይቶ ነው።

ሆኖም የወባው አስቸኳይነት የሂሳቡን ሥራ አያስቀርም። ርጭቱ እንዳይቆም የምንፈልግ ከሆነ፣ ለድምሩ ቦታ መፈለግ ያለብን ከሌላ ቦታ ነው። ይኸውም ሳያስፈልግ ከሚገባው፣ ለምሳሌ አትክልቱ ሊሸጥ ሁለት ቀን ሲቀረው በማሳ ላይ ከሚረጨው ነው።

በአቅማችን ልክ ምን ይደረግ?

በሀገራችን ሕጎች አልጠፉም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002፣ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እያንዳንዳቸው በራቸውን ይጠብቃሉ። የሚጎድለው በሮቹ ሁሉ የሚያስገቡትን በአንድ መዝገብ የሚያሰፍር ነው። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም የግድ አይደለም። ከታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች ባለው ሰውና ባለው ገንዘብ ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው።

አንደኛ፣ በአንድ ጎራ ይጀመር። የጤና፣ የግብርናና የውሃ ባለሙያዎች በዓመት አንድ ጊዜ ተቀምጠው በከተማውና በዙሪያው የትኛው ኦርጋኖፎስፌት ለምን፣ በምን ያህል መጠንና በየትኛው ወር እንደዋለ በአንድ ገጽ ይጻፉ። በዚህ ገጽ ላይ ካርባሜት የሚባሉትም ሊካተቱ ይገባል፤ የሚያግዱት ያንኑ ኢንዛይም ነውና። የወባው ርጭት በሚደረግበት ወር የእርሻው ርጭት ከሌላ ቤተሰብ እንዲመረጥ ማድረግ ከዚህ አንድ ገጽ ብቻ ሊገኝ የሚችል ውጤት ነው።

ሁለተኛ፣ ናይትሬት የሚለካ ሁሉ ናይትራይትንም ለክቶ ይደምር። ውጤቱ ለነዋሪው ሲነገርም «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ከማለት ጋር ድምሩ ይገለጽ።

ሦስተኛ፣ ብዙ ነገሮችን በአንድ ጊዜ የሚቀንሰው እርምጃ ይቅደም። ፍሳሽ የማያሳልፍ፣ በየጊዜው የሚመጠጥ ሴፕቲክ ታንክ ናይትሬትን ብቻ አያስቀርም፤ ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያንንና ከቤት የሚወጡ ሌሎች ኬሚካሎችንም ከውሃው ያርቃል። ውሃ ሳይቆራረጥ የሚደርሰው ቤትም በርሜል አያስፈልገውም፤ በርሜል ከሌለ ትንኟ የምትራባበት አይኖርም፤ ፀረ እጩም አያስፈልግም። ከመቶ የቤተ ሙከራ ምርመራ ይልቅ እንዲህ ያለው አንድ የቧንቧ መስመር ድብልቁን ይበልጥ ይቀንሰዋል።

አራተኛ፣ ብዙ የሚደርስባቸው ሰዎች ይቅደሙ። በማሳ ላይ ሁለት ሦስት ፀረ ተባይ በአንድ መርጫ ቀላቅሎ የሚረጨው ገበሬ፣ የወባው ርጭት ሠራተኛ፣ በጡጦ የሚመገበው ሕፃን ከሌላው ሰው ይልቅ ለድምሩ ቅርብ ናቸው። ለሠራተኞቹ በደም ውስጥ ያለውን የዚያን ኢንዛይም መጠን ከርጭቱ ወቅት በፊትና በኋላ መለካት የሁሉንም ኦርጋኖፎስፌቶች ድምር በአንድ ጊዜ ያሳያል። ኬሚካሎቹን አንድ በአንድ ከመፈለግ ይልቅ አካሉ ራሱ የደመረውን ማንበብ ነው።

በቤት ውስጥ

መንግሥት እስኪደምር የማይጠበቅባቸው ነገሮችም አሉ። የጉድጓድ ውሃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበልጥ ያከማቸዋል። ስለዚህ ናይትሬቱ ባልታወቀ ውሃ የሕፃን ወተት መበጥበጥ አይገባም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ከዚህ አደጋ የተጠበቀ ነው። በረኪና ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። አጎበር በሚዘረጋበት መኝታ ቤት ፍሊት መንፋት ካስፈለገ ልጆች ወጥተው፣ ምግብና ውሃ ተከድኖ፣ በኋላም መስኮት ተከፍቶ ይሁን። አትክልት በሚፈስስ ውሃ በደንብ ይታጠብ። የፀረ ተባይ ባዶ ዕቃ ለውሃ ወይም ለዘይት መያዣ አይዋል። በርሜሉና ሮቶው ጥብቅ ክዳን ይኑራቸው፤ ክዳን ትንኟን ያለ ምንም ኬሚካል ይከለክላልና።

ጥንቃቄና አቅም የሚጣሉት ጥንቃቄን ሁሉን በአንድ ቀን እንደ ማወቅ፣ አቅምንም ምንም ላለማድረግ እንደ ምክንያት ስንይዛቸው ነው። ለከዚራው ቤተሰብ የሚያስፈልገው ከሁለቱም ጽንፍ የራቀ ነገር ነው። በየመዝገቡ ተለያይተው ያሉት ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኙለት፤ ከድምሩም ትልቁ ቅድሚያ ይቀነስለት። ወረቀቱና እርሳሱ አሉ፤ የቀረው ሦስቱን ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ነው።